የወፍ ፎቶግራፍዎ ለወፏ እንዲጠቅም፦ ከማንሣት እስከ ማጋራት

በማኅበራዊ ገጾች «ውብ ተፈጥሮ» ተብለው ከሚለጠፉት የወፍ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ለወፎቹ የሚፈይዱት ነገር የለም። ምስሎቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ብዙዎቹ ዓይን ይስባሉ። የጎደላቸው ቀን፣ ቦታና ስም ነው። ደብዘዝ ያለ፣ ግማሹ በቅጠል የተሸፈነ፣ ነገር ግን መቼና የት እንደ ተነሣ በትክክል የተጻፈበት ፎቶግራፍ ግን ማስረጃ ይሆናል።

ማስረጃ ምን ያህል ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ከነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በፓርኩ መንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች ናይትጃር የሚሏት ዓይነት፣ ማታ ማታ ነፍሳት የምታድን ወፍ፣ አንድ ክንፍ ብቻ ተወሰደ። በ1995 ያ ክንፍ ብቻውን ለአዲስ ዝርያ መሠረት ሆነ። ክንፉ ዋጋ ያገኘው የት እና መቼ እንደ ተነሣ የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው፤ ያለዚያ ተራ ላባ ሆኖ ይቀር ነበር።

የሚከተለው መመሪያ ለስልክም ለትልቅ ካሜራም ባለቤት ይሆናል። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ በተመዘገበበት አገር ደግሞ ከቤት ርቆ መሄድ ግድ አይደለም፤ ገፈርሳ ግድብ ዳር፣ የቢሾፍቱ ጨለለቃ ወይም የሰፈርዎ ደብር ግቢ ይበቃል።

ካሜራውን ማዘጋጀት፣ በተለይ ሰዓቱን

ለእኛ ትልቁ ወጥመድ የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። ዓለም አቀፍ መመዝገቢያዎች የሚያውቁት የጎርጎርዮስን ቀንና ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን ሰዓት ብቻ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ያዩዋትን ወፍ «2፡00» ብለው ካስገቡ መዝገቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዳዩዋት ይቆጥራል። ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.ን «10/5/2017» ብለው ከጻፉማ ይብሳል፤ ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2025 ሲሆን፣ መዝገቡ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶ ሜይ ወይም ኦክቶበር ላይ ያስቀምጠዋል። ለፍልሰት ጥናት እንዲህ ያለ መረጃ ከመረጃ አልባነት ይከፋል። በየካቲት የምትመጣ ወፍ በክረምት የታየች ትመስላለችና።

ስለዚህ ካሜራዎ ላይ ቀኑን በጎርጎርዮስ፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሙሉ። ጠዋት 2 ሰዓት 8፡00 ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት 16፡00 ነው። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ የቆየ ካሜራ ሰዓቱን ሊረሳ ስለሚችል ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት።

ካሜራዎ ቦታ የማይመዘግብ ከሆነ ቀላል ዘዴ አለ፦ ወፏን በካሜራ ካነሡ በኋላ እዚያው ቆመው አካባቢውን በስልክዎ አንድ ጊዜ ያንሡ። የስልክዎ የቦታ አገልግሎት በርቶ ከሆነ ምስሉ የቆሙበትን ትክክለኛ ነጥብ ይይዝልዎታል። ይህ ነጥብ ለራስዎ መዝገብ ነው፤ ለሌላ ሰው ሲልኩ ምን እንደሚያደርጉት ከታች እመጣበታለሁ።

ፈቃድም ያስቡ። ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ላይ ይከፈላል፣ ይመዘገባል። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ከሆነ አስተዳዳሪውን ወይም ጥበቃውን ሳያስፈቅዱ ካሜራ አያውጡ፤ በብዙ ቦታ ትልልቅ ዛፎች የቀሩት እነርሱ ስለ ጠበቋቸው ነው። ረጅም ሌንስ ይዞ በግድብ፣ በድልድይ ወይም በወታደራዊ ግቢ አጠገብ መንጠራራት ደግሞ ጣጣ ማምጣት ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም፤ ቢፈቀድም እንኳ በጎጆ ላይ አይበርም።

አነሣሡ

የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ከሩቅ፣ ወፏን እንዳዩ ያንሡ። አትጥምም ይሆናል፤ ነገር ግን ወፏ ብትበር በእጅዎ የሚቀረው እርሷ ናት። ከዚያ ቀስ ብለው ይጠጉ። ወፏ መብላቷን አቁማ አንገቷን ካቀናች፣ ደጋግማ ከጮኸች ወይም ክንፏን ከሰውነቷ ከለየች በጣም ቀርበዋል፤ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ለመለየት የሚጠቅመው ምስል ለግድግዳ ከሚሰቀለው ይለያል። ከጎን፣ ከጀርባ፣ የሚቻል ከሆነ ክንፏን ዘርግታ ስትበር፣ መንቁሯንና እግሯን በደንብ የሚያሳይ፣ አንዱ ደግሞ አካባቢዋን ጨምሮ። በነጭ ሳር መንገድ ላይ ማታ በመኪና መብራት ውስጥ የተቀመጠች ናይትጃር ብታገኙ፣ ከዓይኗ ብርሃን ይልቅ በክንፏና በጅራቷ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ነው የሚፈለገው።

ጠባይም መረጃ ነው። ከያቤሎ እስከ ሜጋ ባለው ጠባብ ክልል ብቻ የሚኖረውን የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራ ይውሰዱ። ተመራማሪዎች ክልሉን የሚወስነው የአየሩ ቅዝቃዜ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ከዚያ ወጣ ሲል ሙቀቱ ይበዛበታል። ቀትር ላይ አፉን ከፍቶ በጥላ ሥር ሲያለከልክ የሚያሳይ ምስል፣ ከነሰዓቱ፣ ጠዋት በግራር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከተነሣው ውብ ምስል የበለጠ የሚናገረው አለው። ቁልል ጎጆውን ከሩቅ ማንሣት ይበቃል።

ስለ ጎጆ ካነሣን አቋሜ ጥብቅ ነው፦ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ በቅርብ አያንሡ። እናቲቱ ለአጭር ጊዜ ከተነሣች በቆላ ፀሐይ እንቁላሉ ሊበላሽ ይችላል። እይታ ለማጥራት ቅርንጫፍ መቁረጥም ጎጆውን ለቁራና ለጭላት ማሳየት ነው። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራትንም ይተዉት፤ ወፏ ሌላ ተፎካካሪ የመጣባት መስሏት መመገቧን ትታ ትዋጋለች። መንገድ ዳር ያሉ ልጆች ጫጩት ወይም ጉጉት ይዘው «ፎቶ አንሣ» ካሉዎት ደግሞ ገንዘብ አይስጡ፤ ዛሬ የከፈሉበት ነገ ሌላ ይያዛል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ይህን ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። እዚያ በክረምት የምትራባው፣ በዓለም ላይ በከፋ ሁኔታ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ወፎች አንዷ የሆነችው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል፣ በቄጠማ መሀል መሬት ላይ ጎጆ ትሠራለች። በሳሩ ውስጥ ተሰልፎ እየሄዱ እንድትነሣ ማድረግ እንቁላል መርገጥ ነው። እንዲህ የተገኘ ፎቶግራፍ ምንም ያህል ብርቅ ቢሆን ከጉዳቱ አይበልጥም።

ምስሉን ሲያስተካክሉ መቁረጥና ብርሃኑን ማመጣጠን ይፈቀዳል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት «ጥራት መጨመር» ግን አይፈቀድም፤ ሶፍትዌሩ በምስሉ ያልነበረ ላባ ስለሚፈጥር ማስረጃነቱን ያጠፋዋል።

ስሟን ማግኘት

በአማርኛ «አሞራ» ስንል ጥንብ አንሣውንም፣ ጭላቱንም፣ አንዳንዴ አባ ኮዳውንም አንድ ላይ እንጠቅሳለን። ለመመዝገብ ይህ አይበቃም። መርሊን የተባለውን ነጻ የስልክ መተግበሪያ፣ የአካባቢዎን የወፍ መረጃ ጥቅል ኢንተርኔት ባለበት አስቀድመው ጭነው መጠቀም ይቻላል። ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት በፎቶግራፍ የሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት የተባለው ድረ ገጽና መተግበሪያም ምስሉን ሲያስገቡ ስም ይጠቁማል። ጥቆማውን ግን እንዳለ አይቀበሉ፤ ስርጭቷን ካርታ ላይ ይዩ። ያቤሎ የምትኖር ወፍ ጎንደር ላይ ከተጠቆመችልዎ ጥቆማው ሳይሆን አይቀርም የተሳሳተው።

ያልተረጋገጠ ነገር ሲኖር በዝርያ ደረጃ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ወጣት የሩፔል ጥንብ አንሣና ወጣት ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሣ ባለሙያን ያከራክራሉ። «ጥንብ አንሣ» ብለው ብቻ ያስገቡ፤ የሚያውቅ ያጠራዋል። በማስታወሻው ክፍል ግን የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም፣ በኦሮምኛም ይሁን በሲዳምኛ፣ ይጻፉ።

ቦታውን ሲጽፉም ካርታው ላይ ነጥብ ያስቀምጡ እንጂ በስም ብቻ አይተማመኑ። ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ናዝሬትና አዳማ፣ ዝዋይና ደምበል አንድ መሆናቸውን የውጭ አገር ተመራማሪ ላያውቅ ይችላል፤ የላቲን አጻጻፋቸውም እንደ ጸሐፊው ይለያያል።

የት ይቀመጥ?

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው አይናቹራሊስትን ነው። አካውንት ይክፈቱ፤ መተግበሪያው ኢንተርኔት በሌለበት ምልከታዎን ይዞ ቆይቶ ከተማ ሲደርሱ ይልክልዎታል። በአንድ ምልከታ ውስጥ የአንዲት ወፍ፣ የአንድ ጊዜ ፎቶግራፎችን ብቻ ያስገቡ፤ የሦስት ዝርያ ምስል በአንድ ላይ ካስገቡ ማንም ሊያረጋግጥልዎ አይችልም። ቀን፣ ቦታና ምስል ተሟልቶ ከስም ሰጪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በዝርያው ከተስማሙ ምልከታው ለምርምር ብቁ ይባላል። ከዚያም ለምልከታው የመረጡት የአጠቃቀም ፈቃድ ከተስማማ ጂቢፍ ወደሚባለው የዓለም የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ይሻገራል። የዝርያዎችን ሁኔታ የሚገመግሙ ሰዎች መረጃ ከሚቀዱባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ያዩትን ወፍ ሁሉ ቆጥረው የሚመዘግቡ ከሆነ ኢበርድ ይሻላል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ምርምር ላቦራቶሪና ኦዱቦን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ነው። የጀመሩበትን ሰዓት፣ የቆዩበትን ጊዜ፣ የተጓዙትን ርቀትና የእያንዳንዱን ዝርያ ቁጥር ይጠይቃል። ፎቶግራፉ ከዝርዝሩ ጋር ይያያዛል። አድካሚ ይመስላል፤ ነገር ግን «ዛሬ በአብያታ አንድም ፍላሚንጎ አላየሁም» የሚለውን በቁጥር ቋንቋ መናገር የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። ውኃው በሚሸሽ ሐይቅ ዳር ያልታየው ከታየው እኩል ይመዘገባል።

ሦስተኛው የውክፔዲያ ምስሎች የሚቀመጡበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ነው። የአማርኛ ውክፔዲያ የወፍ ጽሑፎች ብዙ ምስል የላቸውም። እዚህ ላይ ፈቃድን ልብ ይበሉ። አይናቹራሊስት ለአዲስ አባል ከመነሻው የሚሰጠው፣ ሌሎች ምስሉን እንዴት መጠቀም እንደሚችሉ የሚወስነው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለንግድ መጠቀምን የሚከለክለው ነው፤ ኮመንስ ደግሞ ይህን ዓይነት አይቀበልም። ምስልዎ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥም ሆነ ውክፔዲያ ላይ እንዲገባ ከፈለጉ ስምዎን መጥቀስ ብቻ የሚያስገድደውን ፈቃድ ይምረጡ። የሌላ ሰው ፎቶግራፍ፣ ወዳጅዎ በቴሌግራም የላከልዎም ቢሆን፣ ያለ ፈቃዱ አያስገቡ።

ምን ይገለጥ፣ ምን ይሰወር

ቦታ የማስረጃው ልብ ነው ብያለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያው ቦታ የወፏ ጠላት ይሆናል። የንሥር ወይም የጥንብ አንሣ ጎጆ ያለበት ገደል፣ ጉጉት ቀን ቀን የምትተኛበት ዛፍ፣ የፍላፍቴል ረግረግ፣ የዱር ወፍ እየያዙ ለመሸጥ የሚፈልጉ ሰዎች ሊደርሱበት የሚችል ማንኛውም ቦታ፣ በይፋ አይነገርም።

አይናቹራሊስት ላይ የምልከታውን ቦታ የሚያደበዝዝ ምርጫ አለ። ሲመርጡት ትክክለኛው ነጥብ ከሕዝብ ይሰወርና በግምት 22 ኪሎ ሜትር በ22 ኪሎ ሜትር በሆነ ክልል ውስጥ የዘፈቀደ ነጥብ ይታያል፤ ትክክለኛውን እርስዎና እርስዎ ያመኗቸው ሰዎች ብቻ ያያሉ። አደጋ ላይ ናቸው የተባሉ ብዙ ዝርያዎችን ድረ ገጹ ራሱ ይሰውራል፤ ኢበርድም ለተወሰኑ ዝርያዎች እንዲሁ ያደርጋል። ቦታው ቢታወቅ ለማይጎዳ ወፍ ይህን ሁሉ አያድርጉ። ገፈርሳ ላይ ያለውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ደብቆ ማንንም አይጠቅሙም፤ ትክክለኛ ነጥብ ሲጠፋ ያ ውኃ ዳር ስለመኖሩ የሚከራከርለት ሰነድም አብሮ ይጠፋል። በነገሌ ቦረና አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ ያስቡ፤ እዚያ የምትኖረው የሊበን ሎሚት (ሊበን ላርክ) የተባለች ወፍ ሜዳዋ በእርሻና በቁጥቋጦ እየተወረሰ ነው፤ ይህን የሚያሳየው ከዓመት ዓመት የተነሣ የሜዳው ምስል ነው። ወፏን ይሰውሩ፣ ሜዳውን ያሳዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በቴሌግራም ነው። ምስሉን «እንደ ፎቶ» ሲልኩት ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ በውስጡ ያለውን የቦታ መረጃም አያስተላልፍም። ጥራቱ እንዳይጠፋ «እንደ ፋይል» ሲልኩት ግን ስልክዎ የመዘገበው ነጥብ ሳይነካ አብሮ ይሄዳል። ዋትስአፕ ላይ «ዶክዩመንት» አድርጎ መላክም ያው ነው። የቡድኑ አባላት በሙሉ የጎጆውን ትክክለኛ ነጥብ ያገኛሉ ማለት ነው። ስለዚህ ፋይል ከመላክዎ በፊት ቦታውን ይሰርዙ፦ በአይፎን ሲያጋሩ ከላይ በሚታየው ምርጫ የቦታ መረጃውን ያጥፉ፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር የፋይሉን ዝርዝር መረጃ ከፍተው የግል መረጃን የሚያስወግደውን መስመር ይጫኑ። ዋናውን ቅጂ ግን አይንኩት፤ ቅጂ ሠርተው እርሱን ያጥሩ።

ከበስተጀርባ ያለው ነገርም ይናገራል። ጉልላቱ የሚታይ ደብር፣ የታወቀ ተራራ ወይም ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ ካለ ከምስሉ ቆርጠው ያውጡት። የጎጆ ወቅት ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ቆይተው ይለጥፉ። መረጃው አይበሰብስም።

ቀለበት ያላት ወፍ፣ የሞተች ወፍ

ከአውሮፓና ከእስራኤል በስምጥ ሸለቆ በኩል የሚመጡ ሽመላዎች አንዳንዶቹ እግራቸው ላይ ፊደልና ቁጥር ያለበት ቀለበት አላቸው። ሲያገኙ እግሮቹን በተደጋጋሚ ያንሡ። ቀለበቱ በቀኝ ወይስ በግራ፣ ከመጋጠሚያው በላይ ወይስ በታች እንደሆነ፣ ቀለሙን፣ የፊደሉንም ቀለም ይጻፉ። ዩሪንግ የተባለው የአውሮፓ የቀለበት ማስተባበሪያ ሪፖርት የሚቀበልበት ቅጽ አለው፤ ወፏ የት እና መቼ ቀለበት እንደ ተደረገላት መልስ ይመጣል። እስራኤል አገር የምትኖሩ አንባቢዎች በሁላ ሸለቆ የምታዩአቸው ወፎችም በዚሁ መስመር ላይ ናቸውና ቀለበት ማየቱን ልምድ አድርጉት።

የሞተች ወፍ ፎቶግራፍ ማንም አይወድም፤ ለጥበቃ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። የግብጽ ጥንብ አንሣዎች ከባልካን ተነሥተው ወደ አፋር ይወርዳሉ፤ ከሚገድሏቸው ነገሮች መካከል የኤሌክትሪክ መስመርና መርዝ ይገኛሉ። ምሰሶ ሥር የወደቀች ወፍ ካዩ፦ በመጀመሪያ ወፏንና ምሰሶውን በአንድ ፍሬም፤ ቀጥሎ የምሰሶውን ጫፍ፣ ሽቦው እንዴት እንደ ታሰረ እንዲታይ፤ የምሰሶው ቁጥር ካለ ቁጥሩን፤ በመጨረሻ እግሯንና ክንፏን። የተቃጠለ ላባ ካለ በቅርብ። ሽቦ ወድቆ ከሆነ አይጠጉ። ብዙ ጥንብ አንሣ ወይም ውሻ በአንድ ቦታ ሞቶ ካዩ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ምንም አይንኩ፤ ልጆችና ከብት እንዳይደርሱበት ለአካባቢው ሰው ይንገሩ። ይህን ዓይነቱን ምስል ከመለጠፍዎ በፊት ከትክክለኛው ነጥብ ጋር ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያድርሱ፤ በርድላይፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የወፍ ጥበቃ ድርጅት አጋር የሆነው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ይመለከተዋል። ፌስቡክ ላይ ቀድሞ የወጣ ምስል ቁጣ ያስነሣል፤ መርዙን ያስቀመጠውም ሰው ያየዋል።

ለሕዝብ የሚጻፈው

ለወዳጅ ዘመድ ሲያጋሩ የልብ ምልክት ከመደርደር ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ይህ ትንሽ ጥንብ አንሣ አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ዘወትር የምናየው ነው። ብዙ ስለምናየው የበዛ ይመስለናል፤ በዓለም ግን በከፋ ሁኔታ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት አንዱ ነው። ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል መርዝ የተቀባ ሥጋ ሲጣል አብሮ ያልቃል።» ስብከት የለውም፤ አንባቢው የሚያውቀውን ወፍ ይዞ የማያውቀውን ነገር ይነግረዋል። ጉጉት ከለጠፉ «ሟርተኛ ናት» የሚል አስተያየት መምጣቱ አይቀርም። አይሳደቡ፤ አይጥ እንደምታድን ይንገሩና ይለፉ።

ከለጠፉ በኋላ

በየጊዜው ተመልሰው ይዩ። ስሙን ያረመልዎ ሰው ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ካመኑበት ያስተካክሉ፤ ካላመኑበት በትሕትና ይከራከሩ። ዋናውን ፋይል በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

ቦታውን በግል መልእክት የሚጠይቅዎም ይኖራል። ተመራማሪ ነኝ ካለ ተቋሙን ይጠይቁና ያረጋግጡ፤ እውነት ከሆነ ይስጡት። ጎብኚ ከሆነ ወደ አካባቢው አስጎብኚ ይምሩት፤ አስጎብኚው የት መቆም እንደሚገባ ያውቃል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። የጠየቀው ስለ ጎጆ ከሆነ ግን «አልናገርም» ይበሉ፤ ምክንያት መደርደርም አያስፈልግም።